ብርቱካን ቤት ሲያገኝ፦ ቤታ ዓሣን በድሬዳዋ ማኖር

የመጀመሪያው ብርቱካን ከእኛ ጋር የኖረው አሥራ አንድ ቀን ብቻ ነው። እህቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ በፕላስቲክ ከረጢት ውሃ ውስጥ ይዛው የመጣች፣ ክንፉ እንደ ሐር ነጠላ የሚንሳፈፍ ቤታ ዓሣ ነበር። ረጅም ክንፍና ደማቅ ቀለም ያላቸው ወንዶቹ ናቸው። የ7 ዓመቷ ልጄ ግን ቀለሙን አይታ "ብርቱካን" አለችው። አያቷ "ወንድ ነው እየተባለ?" ብትላትም ስሙን አልቀየረችም።

አብሮት የተገዛው ክብ ብርጭቆ 2 ሊትር ውሃ እንኳ አይዝም። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ግን ያምር ነበር። በሳምንቱ ውሃው ደፈረሰ፤ ሙሉውን ደፍተን በቀጥታ ከቧንቧ በቀዳነው ተካንለት። ከዚያ ወዲህ ከሥር ተኝቶ ዋለ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ልጄ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች መጥታ "እማዬ፣ እኔ ነኝ የገደልኩት?" አለችኝ።

"አይደለሽም" አልኳት። ምን እንደገደለው ግን እኔም አላውቅም ነበር። ሌላ ዓሣ ከመግዛታችን በፊት ይህን ማወቅ ነበረብን።

ብርጭቆው ለምን አይበቃም?

መተዳደሪያዬ የገበያ ሥራ ነው። ዕቃ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥበት ዕቃ ለዓይን እንዲስብ እንጂ ለኑሮ እንዲመች ታስቦ እንደማይሠራ ማወቅ ነበረብኝ። ትንሹ ብርጭቆም ማሸጊያ ነው፤ ቤት አይደለም።

ቤታ የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ነው። የትውልድ አገሩ ታይላንድ በ2019 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ የውሃ እንስሳዋ አድርጋ ሰይማዋለች። የሚኖረው በሩዝ ማሳዎች፣ በረግረጋማ ቦታዎችና ዕፅዋት በበዛባቸው ቀስ ብለው በሚፈሱ ውሃዎች ነው። ከስንጥቡ በተጨማሪ ከውሃው በላይ ያለውን አየር የሚተነፍስበት አካል ጭንቅላቱ ውስጥ ስላለው፣ ሌሎች ዓሦች በሚታፈኑበት ውሃ ውስጥ ሊቆይ ይችላል። "በብርጭቆም ይኖራል" የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ነው። አየር ማግኘቱ ግን ከቆሻሻው አያድነውም።

ዓሣው በሚተነፍስበትና በሚጸዳዳበት ጊዜ፣ የተረፈው ምግብም ሲበሰብስ፣ አሞኒያ የሚባል መርዝ ውሃው ውስጥ ይከማቻል። በ2 ሊትር ውሃ ይህ የቀናት ጉዳይ ነው። በ20 ሊትር ውሃ ግን መርዙ ይሳሳል፤ የውሃው ሙቀትም ቶሎ ቶሎ አይለዋወጥም። ስለዚህ ለአንድ ቤታ 20 ሊትር ያህል የሚይዝ ገንዳ ጥሩ መነሻ ነው።

ቀፊራ የተሠራው ገንዳ

ሁለተኛውን ቤት ያሠራነው ደቻቱን ተሻግረን ቀፊራ ሄደን ነው። መስታወት ቆራጩን 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 25 ወርድና 25 ከፍታ ያለው ሳጥን በ5 ሚሊ ሜትር መስታወት እንዲሠራልኝ ጠየቅሁት። እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲሞላ ልክ 20 ሊትር ይይዛል።

"አቦ፣ ይሄ ሁሉ ለአንድ ዓሣ ነው?" አለኝ እየሳቀ። "ባልዲ ውስጥ አትከቺውም?"

ቀልዱን ቢሆንም ከክቡ ብርጭቆ ባልዲው እንደሚሻል ነገርኩት።

በትእዛዝ ሲያሠሩ ሦስት ነገሮችን ያስታውሱ። አንደኛ፣ ቤታ በየጊዜው ወደ ላይ ወጥቶ አየር ስለሚስብ ከጠባብና ረጅም ገንዳ ይልቅ ሰፊና ዝቅ ያለው ይመቸዋል። ሁለተኛ፣ ማጣበቂያው ለአኳሪየም የሚሆን ንጹሕ ሲሊኮን ይሁን። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጡት አንዳንድ ሲሊኮኖች የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ስላለባቸው ዓሣ ይገድላሉ። ከተጣበቀ በኋላ ለጥቂት ቀናት ይድረቅ፤ ከዚያ ደጅ ላይ ውሃ ሞልተው አንድ ሌሊት ያሳድሩትና ማፍሰስ አለማፍሰሱን ይዩ። ሦስተኛ፣ ክዳን ያስፈልገዋል። ቤታ ይዘላል። አየር የሚያስገባ፣ ትንኝ ግን የማያሳልፍ ወንፊት ያለው ክዳን ሁለቱንም ይፈታል።

ክንፉ ረጅም ስለሆነ ኃይለኛ ሞገድ ያደክመዋል። ስለዚህ በትንሽ የአየር ፓምፕ የሚሠራ የስፖንጅ ማጣሪያ ይበቃዋል። ሹል ድንጋይና ሻካራ የፕላስቲክ አበባ ክንፉን ይቀድዱታል። ሁለት ወንዶችን አንድ ላይ ማኖር ደግሞ ጨርሶ አይሞከርም፤ እስከ ሞት ይጣላሉ።

የድሬ ውሃ፣ የድሬ ሙቀት

የድሬዳዋ ውሃ ከከርሰ ምድር የሚወጣና ማዕድን የበዛበት ነው። በሻይ ማፍያችን ሥር የሚጋገረው ነጭ ነገር ምስክር ነው። ቤታ ቀስ ብሎ ከለመደው ይህን ውሃ ይችላል፤ የሚጎዳው ድንገተኛ ለውጥ ነው። አዲስ ዓሣ ሲመጣ ከረጢቱን ሳይፈቱ ገንዳው ላይ ለ15 ወይም ለ20 ደቂቃ ያንሳፍፉት። ከዚያ የገንዳውን ውሃ በትንሽ በትንሹ እየጨመሩ አንድ ሰዓት ያህል ያለማምዱት።

በእኛ ከተማ ሌላም ችግር አለ። ሙቀቱ ውሃውን ያተንነዋል፤ ማዕድኑ ግን እዚያው ይቀራል። የጎደለውን ብቻ እየሞሉ መኖር ውሃውን ሳምንት ከሳምንት ያከብደዋል። ስለዚህ በየሳምንቱ አሮጌ ውሃ መቅዳት ግድ ነው። በውጪ በኩል የሚታየውን ነጭ መስመር አቼቶ በነካ ጨርቅ መጥረግ ይቻላል፤ አቼቶው ወደ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ይጠንቀቁ።

ለቤታ የሚስማማው ሙቀት ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ያሉ ወገኖቻችን ለዚህ የውሃ ማሞቂያ ያስፈልጋቸዋል። ድሬ ላይ ለአብዛኛው ዓመት ማሞቂያው አየሩ ነው። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ግን ቴርሞሜትሩን ይመልከቱ። በግንቦትና በሰኔ ደግሞ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ ጭንቀታችን ይገለበጣል። ገንዳውን ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቀው በቤቱ ቀዝቃዛ ክፍል ያኑሩት። ቀትር ላይ ማራገቢያ ወደ ውሃው ገጽ ቢያዞሩ ሙቀቱ ይበርዳል። በረዶ በቀጥታ አይጨምሩ።

ዓሣው ከመግባቱ በፊት

ለልጄ ጥያቄ ትክክለኛው መልስ እዚህ ላይ ነው ያለው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይትን ደግሞ ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት የሚቀይሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ። የሚኖሩትም በስፖንጁ፣ በጠጠሩና በመስታወቱ ላይ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ እስኪራቡ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። እኛ ገንዳውን ሞልተን፣ ማጣሪያውን አብርተን፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እየጨመርን ያለ ዓሣ ጠበቅን። ልጄ በቀን መቁጠሪያው ላይ እየሰረዘች ስድስት ሳምንት ቆጠረች።

የመጀመሪያውን ብርቱካን የጎዳው የተጠራቀመው አሞኒያና በአንድ ጊዜ የተደፋበት ክሎሪን ያለው ውሃ ሳይሆን አይቀርም። ክሎሪን ዓሣውንም ባክቴሪያዎቹንም ይገድላል። የክሎሪን ማጥፊያ ጠብታ ከተገኘ ይጠቀሙ። ካልተገኘ ውሃውን አፉ ሰፊ በሆነ ባልዲ ለ24 ሰዓት ማሳደር ተራውን ክሎሪን ያስወጣዋል።

ከዚያ በኋላ ሥራው ቀላል ነው። በሳምንት አንድ ቀን አንድ አራተኛውን ውሃ ቀድተን ባሳደርነው እንተካለን። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከገንዳው በቀዳነው ውሃ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ እናደርገዋለን፤ በቧንቧ ውሃ ቢታጠብ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። ምግቡ ጠዋትና ማታ ሁለት ሦስት ፍሬ ነው። ቤታ ሥጋ በል ስለሆነ ዳቦና እንጀራ አይሆነውም፤ ውሃውንም ያበላሻል። መብራት ሲጠፋ መደናገጥ አያስፈልግም፤ እሱ አየር ከላይ ይስባል። ለጥቂት ሰዓት ምግብ አለመስጠት ብቻ ይበቃል።

ፍሊትና ትንኝ

ሁለተኛውን ብርቱካን ልናጣው የነበረው በአንድ ምሽት ነው። እናቴ እንደ ልማዷ ሳሎኑን ፍሊት ልትረጭ ስትል ልጄ ጮኸች። ለወባ ትንኝ መግደያ የሚረጩት ብዙዎቹ መድኃኒቶች ለዓሣ በጣም አደገኛ ናቸው። የአየር ፓምፑም የክፍሉን አየር ስቦ ውሃው ውስጥ ያስገባዋል።

መርጨቱን ማቆም ግን መፍትሔ አይደለም። ድሬዳዋ በ2006 ዓ.ም. የዴንጊ ትኩሳት ወረርሽኝ አይታለች። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በደረቁ ወቅት የተቀሰቀሰው ወባ፣ ሰው ባጠራቀመው ውሃ ውስጥ ከሚራባው አኖፊለስ ስቴፈንሲ ከሚባለው ትንኝ ጋር ተያይዟል። ዓሣ ከልጅ ጤና አይበልጥም። ስለዚህ በሚረጭ ቀን ፓምፑን እናጠፋለን፣ ገንዳውን በፕላስቲክ እንሸፍናለን፣ ወይም ብርቱካንን በንጹሕ ባልዲ ወደ ሌላ ክፍል እንወስደዋለን። ክፍሉ በደንብ ሳይናፈስ አንከፍትም። የከሰልና የእጣን ጭስም ከገንዳው ራቅ ብሎ ይሁን፤ ብርቱካን የሚተነፍሰው እኛ የምንተነፍሰውን አየር ነው።

ለዓሣው ብለን የምናሳድረው ባልዲም የትንኝ መራቢያ መሆን የለበትም። በስስ ጨርቅ እንሸፍነዋለን። የዴንጊ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሆነ በየሳምንቱ ውስጡን ፈትገን እናጥበዋለን። ቤታ ራሱ የትንኝ እጭ ይበላል፤ ጠላቱ እኛ የምንከፍተው ጣሳ ብቻ ነው።

ብርቱካን አሁን ከእኛ ጋር ዓመት አልፎታል። ቤታ በደንብ ከተያዘ ሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላል። አንዳንድ ጠዋት በውሃው ገጽ ላይ የአረፋ ክምር እናገኛለን፤ ወንዱ ለእንቁላል የሚሠራው ጎጆ ነው፣ በሽታ አይደለም። ባለፈው ሳምንት የጎረቤት ልጅ መጥቶ "እኔም ሊገዛልኝ ነው" አላት። ልጄ ስለ ቀለሙ አልጠየቀችውም። "ቤቱ ስንት ሊትር ነው?" አለችው።

ሲገዙ ምን ይዩ?

• ክንፉ የተዘረጋ፣ ጣት ሲጠጋው የሚንቀሳቀስ ዓሣ ይምረጡ።
• ነጭ ነጠብጣብ፣ የተበላ ክንፍ ወይም ያበጠ ሆድ ካለው ይተዉት።
• ከሥር ተኝቶ የሚውል ወይም ክንፉን የሚያጥፍ ዓሣ ሲያዩ ከመድኃኒት በፊት የውሃውን ንጽሕናና ሙቀት ይፈትሹ።
• ማሳደግ ቢከብድዎ ለሚችል ሰው ይስጡ እንጂ ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ አይልቀቁት። እንግዳ ዓሣ የአገሩን ዓሦች ሊጎዳ ይችላል።