አየር ያጠረው ሞተር

የባሌዋ ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ብቻ ብትርቅም ከእሷም ከፍ ትላለች። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚሄደው መንገድ ሳነቴ አምባ ላይ ሲደርስ 4,000 ሜትርን ያልፋል፤ የቱሉ ዲምቱ ጫፍ 4,377 ሜትር ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ በሐረና ጫካ ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል። በምሥራቅ በኩል በጎሮ አድርጎ ወደ ጊኒር የሚወስደውም ቁልቁል ነው። የባሌን ስንዴ የሚያመላልሱ አይሱዙዎች፣ ዕድሜ ጠገብ ላንድክሩዘሮችና ላንድሮቨሮች ኑሯቸው በዚህ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ነው። ከባለቤቶቻቸው አፍ የማይጠፋው ስሞታ «ጉልበት አጣች፤ ዳገት አልወጣ አለች» የሚል ነው። የሚያገኙት መልስ ደግሞ ብዙ ጊዜ «ጋሼ፣ ፋሻ ጨርሳለች፤ ሞተሩ ይፈታ» ነው።

ሞተር ማስፈታት ቀላል ነገር አይደለም። ፋሻ (የፒስተን ቀለበት)፣ ኩሽኔታና ጓርኒሲዮን (የቴስታታ ማሸጊያ) ይገዛል፤ የሲሊንደሮቹ ክዳን የሆነው ቴስታታ ቶርኖ ቤት ይሄዳል፤ መኪናዋ ቆማ ትከርማለች። ይህ ሁሉ ወጪ ወጥቶ ሳነቴን እንደ ቀድሞዋ እያቃሰተች ከወጣች፣ ሕመሙ መጀመሪያውኑ ሌላ ቦታ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ በባሌ ደጋ የሞተር ምርመራ የሚጀምረው ከፍታው የሚወስደውን ጉልበትና ብልሽት የሚወስደውን ጉልበት ከመለየት ነው።

አንድ ግራም ቤንዚን በደንብ ለመንደድ ወደ 15 ግራም አየር ይፈልጋል። ፒስተን ወደ ታች ሲወርድ የሚከፍተው ቦታ ቆላም ሆነ ደጋ ያው ነው፤ እዚያ ውስጥ የሚገባው አየር ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል። ሮቤ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሲተያይ ሩብ ያህሉ ጎድሏል፤ ሳነቴ ላይ ደግሞ አርባ በመቶ ገደማው። በየገጠሩ የምናየው የላንድክሩዘር ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ ሞተር፣ ዋን ኤች ዜድ የሚባለው፣ ቱርቦ የለውም። በዝቅተኛ ቦታ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ የሚሰጠው ይህ ሞተር ሮቤ ላይ ወደ 100፣ ሳነቴ ላይ ወደ 80 ቢወርድ ምንም አልሆነም፤ ጤነኛ ነው።

ከዚህ በላይ የጎደለ ካለ ግን ይፈለጋል። የቤንዚን መኪና ከሆነች ቀድሞ መፈታት ያለበት ካንዴላው ነው። ጫፉ ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ሞተሩ በወጉ እየነደደ ነው። ዘይት ነክቶት ከረጠበ ዘይት ወደ ሲሊንደር እየገባ ነው። ሲዳስሱት ጣት ላይ የሚቀር ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከለበሰ ግን ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል፤ በባሌ ደጋ ይህን ማየት የሚያስገርም አይደለም። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡራተር ሳስቶ ለሚገባ አየር የሚበዛ ቤንዚን ያጠጣል። የሚኒሞውን ብሎን ማዞር ደግሞ መኪናዋ ስትቆም ድምፅዋን ያሳምር ይሆናል እንጂ ዳገት ላይ አይረዳም። በከፍተኛ ጉዞ ቤንዚኑን የምትመጥነው በካርቡራተሩ ውስጥ ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ያላት የነሐስ ቁራጭ ናት፤ መለወጥ ያለባት እሷ ናት። ከዚያ በፊት ግን የአየር ፊልትሮው ይታይ። በመኸር ወቅት የስንዴ ማሳ አቧራ የጠጣ ፊልትሮ በራሱ ሌላ ተራራ ነው።

እሳቱ የሚለኮስበት ቅጽበትም ከከፍታ ጋር ይገናኛል። የሳሳ አየር ቀስ ብሎ ስለሚነድ ደጋ ላይ እሳቱን በጥቂት ዲግሪ ማስቀደም ጉልበት ይመልሳል። ነገር ግን ጎባ ላይ እንዲህ የተስተካከለች መኪና ጭነቷን ይዛ ሐረናን ወርዳ ቆላ ስትደርስ፣ ነዳጅ ሲረገጥ መንኳኳት ትጀምራለች። ያን ድምፅ ሰምቶ «ቢየላ መታች» ብሎ ሞተር ማውረድ ትልቅ ስሕተት ነው፤ እሳቱን ወደ ቦታው መመለስ ይበቃ ነበር።

ወደ ፋሻው ጥርጣሬ ስንመጣ መላ መምታት አያስፈልግም፤ ግፊት መለኪያ አለ። ሞተሩ ይሞቃል፤ ካንዴላዎቹ በሙሉ ይወጣሉ፤ ነዳጁ እስከ ታች ተረግጦ በሞተሪኖ ብቻ ይዞራል፤ የእያንዳንዱ ሲሊንደር ቁጥር ይጻፋል። እዚህ ላይ ብዙ መካኒክ የሚሳሳተው የፋብሪካውን መጽሐፍ ቁጥር እንዳለ ስለሚወስድ ነው። በባሕር ወለል 150 ፒ ኤስ አይ የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር ሮቤ ላይ ከ115 እስከ 120 ቢያሳይ ልክ ነው። ዋናው ነገር ሲሊንደሮቹ መቀራረባቸው ነው። አንዱ ብቻ በጣም ካነሰ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ይጨመርበትና እንደገና ይለካ። ግፊቱ ከፍ ካለ ዘይቱ ክፍተቱን ስለደፈነው ጥፋቱ የፋሻ ወይም የሲሊንደሩ ግድግዳ ነው። ካልተነቃነቀ ቫልቮ ወይም ጓርኒሲዮን ይጠርጠር። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወደቁ ጥርጣሬው ወደ ጓርኒሲዮን ያደላል። ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ለሳምንታት የሚያቆም ጥገናን ሊያስቀር ይችላል።

ውኃ ማፍላትም እንዲሁ በሐሰት ጓርኒሲዮንን ያስወነጅላል። ክፍት ውኃ ሮቤ ላይ በ92፣ ሳነቴ ላይ በ86 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ ሙቀት የሚችለው ክዳኑ ግፊት አምቆ ስለሚይዝ ነው። ሞላው የደከመ ወይም ጎማው የተሰነጠቀ ክዳን ቆላ ላይ ሳይታወቅ ይኖርና ሳነቴ ላይ ያዋርዳል። አንዳንድ ጋራዥ ይህን ሽሽት ቴርሞስታቱን አውጥቶ ይጥላል። በዚህ ብርድ አገር ይህ ክፉ ልማድ ነው፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ይውላል፣ ነዳጅ ይበላል፣ ሲሊንደሩም ቶሎ ያልቃል።

ጉልበት ለመጨመር ናፍጣ ፖምፓውን ከፍቶ ብዙ ናፍጣ ማስገባትም የተለመደ ነው። አየር ሳይጨመር ናፍጣ ቢጨመር የሚገኘው ጥቁር ጭስና ሙቀት ነው። ለከፍታ እውነተኛው መድኃኒት ምን እንደሆነ ከመቶ ዓመት በፊት ታይቷል። በ1918 እ.ኤ.አ. ሳንፎርድ ሞስ የተባለ የጄኔራል ኤሌክትሪክ መሐንዲስ ሊበርቲ የሚባለውን የአውሮፕላን ሞተር ኮሎራዶ ውስጥ ፓይክስ ፒክ ተራራ ላይ አወጣው፤ ቦታው 4,300 ሜትር ገደማ፣ ከቱሉ ዲምቱ በጥቂቱ የሚያንስ ነው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር እላይ 230 ብቻ ሰጠ። ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሆነ። በጭሱ ኃይል የሚሽከረከረው ቱርቦ የሳሳውን አየር አምቆ ስላስገባለት ነው። ዛሬ ባለ ቱርቦ የጭነት መኪና ዳገቱን ከአሮጌዎቹ የተሻለ የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው። ሆኖም ያለ ቱርቦ ለተሠራ አሮጌ ሞተር ቱርቦ መግጠምን አልደግፍም፤ ፒስተኑም ማቀዝቀዣውም ለዚያ ሙቀት አልተሠሩም። የአሮጌ ሞተር ጉልበት የሚመለሰው የተወለደበትን ልክ በመመለስ ነው፦ ንጹሕ ፊልትሮ፣ ትክክለኛ የቫልቮ ክፍተት፣ የተመጠነ ነዳጅ፣ በጊዜው የሚለኮስ እሳት።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከለከለ። ምትክ ማግኘት ስለከበደ በባሌ መንገድ ላይ ያሉት አሮጌ ሞተሮች ገና ብዙ ዓመት ይሠራሉ ማለት ነው። ስለዚህ መኪናችሁ ደክማ ጋራዥ ስትወስዷት የሲሊንደሮቹ ግፊት ተለክቶ ቁጥሩ በወረቀት ተጽፎ ይሰጣችሁ ዘንድ ጠይቁ። ያ ወረቀት እጃችሁ ሳይገባ «ሞተሩ ይፈታ» ለሚላችሁ እሺ አትበሉ።