በቀድሞ ኮምፒዩተሮች የተዘጋጁ ሰነዶችን ዳግም መክፈት፦ የማስፋፊያ ካርድ ምንነትና ተገልጋዮች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ

የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ፣ የሂሳብ መዝገብ፣ የግንባታ ንድፍ ወይም የመመረቂያ ጽሑፍ ከበርካታ ዓመታት በፊት በኮምፒዩተር ተዘጋጅቶ በፍሎፒ ዲስክ ብቻ ተቀምጦ ሊገኝ ይችላል። የወረቀቱ ቅጂ በጠፋ ጊዜ ዲስኩ ብቸኛው የመረጃ ምንጭ ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ዲስኩ በእጅ መኖሩ ብቻ ሰነዱን ለመክፈት በቂ አይደለም። ይህ ጽሑፍ የአንዱ ኮምፒዩተር ሶፍትዌር በሌላው ላይ የማይሠራበትን ምክንያት፣ ችግሩን ለመፍታት ያገለግል የነበረውን የማስፋፊያ ካርድ አሠራር እንዲሁም የቀድሞ ፋይል ያላቸው ተገልጋዮች ሊወስዷቸው የሚገቡ እርምጃዎችን ያብራራል።

ሶፍትዌር ከኮምፒዩተር ኮምፒዩተር የማይሠራው ለምንድን ነው?

ማንኛውም ሶፍትዌር በመጨረሻ የሚቀርበው ፕሮሰሰሩ በሚረዳቸው ትእዛዞች ነው። የተለያዩ የፕሮሰሰር ዓይነቶች የሚረዷቸው ትእዛዞች የተለያዩ በመሆናቸው፣ ለአንዱ የተጻፈ ፕሮግራም ለሌላው ትርጉም አይሰጥም። ከዚህ በተጨማሪ ፕሮግራሙ በተጻፈለት ኦፕሬቲንግ ሲስተም ላይ ይመሠረታል፤ ዲስክ የሚያነበውና በስክሪን ላይ ፊደል የሚያሳየው በዚሁ ሲስተም አማካይነት ነው።

የማስፋፊያ ካርድ መፍትሔ

ለዚህ ችግር ከተገኙት የመጀመሪያዎቹ መፍትሔዎች አንዱ ሁለተኛ ፕሮሰሰር የያዘ ካርድ በኮምፒዩተሩ ውስጥ መጨመር ነበር። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1980 ለአፕል 2 ኮምፒዩተር ያቀረበው ሶፍትካርድ ለዚህ ዋነኛ ምሳሌ ነው። አፕል 2 የሚሠራው 6502 በተባለ ፕሮሰሰር ሲሆን፣ በዘመኑ ለቢሮ ሥራ ተፈላጊ የነበሩት ወርድስታርና ዲቤዝ 2 ግን ሲፒ/ኤም በተሰኘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚሠሩ ነበሩ። ሶፍትካርድ ዚ-80 ፕሮሰሰርን በመያዙ የአፕል 2 ባለቤቶች ሌላ ኮምፒዩተር ሳይገዙ እነዚህን ፕሮግራሞች ለመጠቀም ችለዋል። ካርዱ ሥራ ሲጀምር የኮምፒዩተሩን ማስታወሻ (ሚሞሪ) ይጋራል፤ ዚ-80 ፕሮግራሙን ሲያስኬድ፣ 6502 ደግሞ የቁልፍ ሰሌዳን፣ የስክሪንንና የዲስክን ሥራ ያከናውናል።

አፕል ኩባንያም እ.ኤ.አ. በ1991 ለማኪንቶሽ ኤልሲ ኮምፒዩተር የአፕል 2ኢ ካርድ አቅርቧል። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ለአፕል 2 የተዘጋጁ በርካታ የማስተማሪያ ፕሮግራሞች ስለነበሩ፣ ካርዱ ትምህርት ቤቶቹ ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር ሲሸጋገሩ ነባር ፕሮግራሞቻቸውን እንዳያጡ አስችሏል። የቀድሞው ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ ማንበቢያም በልዩ ገመድ አማካይነት ከካርዱ ጋር ይገናኝ ነበር።

ካርዱ የማይፈታቸው ችግሮች

የመጀመሪያው የዲስክ አጻጻፍ ልዩነት ነው። ሶፍትካርድ የሲፒ/ኤም ፕሮግራሞችን ቢያስኬድም፣ የአፕል 2 ዲስክ ማንበቢያ በሌሎች የሲፒ/ኤም ኮምፒዩተሮች የተጻፉ ዲስኮችን ማንበብ አይችልም ነበር። ተመሳሳይ ችግር ዛሬም ያጋጥማል። በዩኤስቢ የሚሰካ የተለመደ ባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒ ማንበቢያ በ800 ኪሎባይት የተጻፉ የማኪንቶሽ ዲስኮችን ማንበብ አይችልም።

ሁለተኛው የአማርኛ ፊደል ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ ደረጃ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት ሶፍትዌሮች ፊደላቱን እያንዳንዳቸው በራሳቸው ኮድ ይወክሉ ስለነበር፣ ሰነዱ ቢከፈትም ትክክለኛው ፎንት ከሌለ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ሆኖ ይታያል። ይህ ፋይሉ ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

በአሁኑ ወቅት የካርዱን ሥራ በአብዛኛው ኢሙሌተር የተባሉ ሶፍትዌሮች ተክተውታል። ኢሙሌተር የቀድሞውን ኮምፒዩተር አሠራር በአዲሱ ላይ የሚያስመስል ሲሆን፣ ለአብነት ዶስቦክስ የዶስ ፕሮግራሞችን ያስኬዳል።

ተገልጋዮች ሊከተሏቸው የሚገቡ እርምጃዎች

1. ዲስኩን አለመጣልና "ፎርማት ይደረግ?" የሚል ጥያቄ በስክሪን ላይ ሲመጣ አለመቀበል። ጥያቄው ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ማንበቢያው የዲስኩን አጻጻፍ ባለማወቁ ነው፤ መቀበል ግን መረጃውን ሊያጠፋ ይችላል።

2. ዲስኩን ከማስገባት በፊት የመጻፊያ መከላከያውን መዝጋት። በባለ 3.5 ኢንች ዲስክ ላይ ቀዳዳው ክፍት ሲሆን መጻፍ አይቻልም።

3. ዲስኩ በየትኛው ኮምፒዩተር፣ በየትኛው ፕሮግራምና በየትኛው የአማርኛ ፎንት እንደተዘጋጀ የሚታወቀውን ሁሉ በወረቀት መዝግቦ አብሮ ማስቀመጥ። ይህ መረጃ የባለሙያውን ሥራ በእጅጉ ያቀልላል።

4. በቅድሚያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ማስወሰድና ማንኛውንም ሙከራ በቅጂው ላይ ብቻ ማካሄድ።

5. ሰነዱ ከተከፈተ በኋላ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ ከተቻለ ከታተመ ቅጂ ጋር ማመሳከር፣ በፒዲኤፍ ማስቀመጥና ዋናውን ፋይል ሳይነኩ መያዝ።

6. ቅጂዎችን ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ማስቀመጥ።

ከፍሎፒ ዲስክ የተገኘ ፋይል ፊርማና ማኅተም ያረፈበትን ሰነድ ላይተካ እንደሚችል መገንዘብ ያስፈልጋል። በመሆኑም ተገልጋዮች ለመረጃ ማውጣት ሥራ ወጪ ከማድረጋቸው በፊት ሰነዱን ከሚቀበለው መሥሪያ ቤት ስለ ተቀባይነቱና ስለሚጠየቀው ማረጋገጫ እንዲጠይቁ ይመከራል። የፍሎፒ ዲስክ ማግኔታዊ ሽፋን በዕድሜ፣ በሙቀትና በእርጥበት የሚጎዳ በመሆኑ ሥራውን ለነገ አለማሳደር ተገቢ ነው።