መስኮት መክፈት የሲጋራን ጭስ ያስወጣል?

ቦሌ አካባቢ ማታ ባር ገብታችሁ ታውቁ ይሆናል። ጥጉ ላይ አንዱ ሲጋራ ይለኩሳል፤ አስተናጋጇ መስኮቱን ገርበብ ታደርጋለች፤ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። በሒሳብ ሲታይ ግን አላለቀም።

የሲጋራ ጭስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ አጫሹ ስቦ የሚተፋው፣ ሌላው ከሲጋራው ጫፍ በራሱ የሚጨሰው። ክፍሉን የሚሞላው በአብዛኛው ሁለተኛው ነው። ይሄኛው በፊልተር አያልፍም፤ ሲጋራው በማይሳብበት ሰዓት ሙቀቱ ዝቅ ስለሚልም ትምባሆው በደንብ ሳይነድ ይጨሳል። ስለዚህ በእኩል መጠን ሲነጻጸር መርዙ ይብሳል። በትምባሆ ጭስ ውስጥ ከ7,000 በላይ ኬሚካሎች አሉ፤ 70 ያህሉ ካንሰር አምጪ ናቸው። ብናኞቹ በአብዛኛው ከ1 ማይክሮሜትር ያንሳሉ (የራስ ፀጉር ውፍረት 70 ገደማ ነው)፤ ቶሎ አይረግፉም፣ ሳንባ ውስጥም ጠልቀው ይገባሉ።

አሁን ወደ መስኮቱ እንምጣ። ክፍሉን የሚሞላ ያህል ንጹሕ አየር በሰዓት አንዴ ይገባል እንበል። አዲሱ አየር ከነባሩ ጋር እየተቀላቀለ ስለሚወጣ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም 37 በመቶው ጭስ አለ። ወደ 5 በመቶ ለመውረድ 3 ሰዓት ይፈልጋል፤ ያውም ሌላ ሰው ካልለኮሰ! ማጨሱ ከቀጠለ ደግሞ የአየሩን ፍሰት እጥፍ ብታደርጉት ጭሱ በግማሽ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። በአዲስ አበባ ብርድስ ማን መስኮት ከፍቶ ያመሻል?

እናንተ ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ ትወጣላችሁ። አስተናጋጇ ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ በየቀኑ እዚያው ናት። ቤት ወይም ሥራ ቦታ የሌላ ሰው ጭስ የሚስብ የማያጨስ ሰው በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ በልብ ሕመም ከ25 እስከ 30 በመቶ ይጨምራል። ሕፃናት ላይ አስም ያባብሳል፣ የጆሮ ኢንፌክሽንም ያመጣል። ሺሻ ደግሞ «ውኃው ያጣራዋል» ይባልለታል፤ አያጣራውም፤ ከሰሉም ካርቦን ሞኖክሳይድ ይጨምርበታል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 «የአጫሾች ጥግ» የሚለውን ነገር ያልተቀበለው በደንብ ገብቶት ይመስለኛል። በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚገለገልበት ቤት ውስጥ ማጨስ ጨርሶ ክልክል ነው፤ ከበርና ከመስኮትም 10 ሜትር መራቅ ያስፈልጋል። የገርጂ ወይም የሰሚት ኮንዶሚኒየም ደረጃም የጋራ ቦታ ስለሆነ አይፈቀድም። ሲጣስ ካያችሁ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482 መደወል ትችላላችሁ።

ቤት ውስጥ ነው የሚከብደው፤ እንግዳን፣ ያውም ታላቅን፣ «አያጭሱ» ማለት ይጨንቃል። መተርኮሻውን ከሳሎን አንሱት። «ጋሼ፣ ግቢ ወጥተን እንጫወት?» ብላችሁ ወንበር ያዙላቸው፤ ከበሩ ራቅ አድርጋችሁ።