ወድቆ የመነሣት ተፈጥሮ፦ በራስ መተማመንና ጽናት ከየት ይመነጫሉ?

መራመድ የጀመረ ሕፃን ባለበት ቤት ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ተቀምጦ የተመለከተ ሰው፣ ከብዙ መጻሕፍት የማያገኘውን ትምህርት ያገኛል። ሕፃኑ ሁለት እርምጃ ተራምዶ ይወድቃል። በእጁ ተደግፎ ይነሣል፤ ሦስት እርምጃ ይራመድና ደግሞ ይወድቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ካረን አዶልፍ የተባሉት የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ከ12 እስከ 19 ወር ዕድሜ ያላቸው ሕፃናት በነፃነት ሲጫወቱ እየተከታተሉ እርምጃቸውንና ውድቀታቸውን ቆጥረው ውጤቱን ይፋ አድርገዋል። በዚህም መሠረት አንድ ሕፃን በአማካይ በአንድ ሰዓት ውስጥ 2,368 እርምጃዎችን ይራመዳል፤ 17 ጊዜም ይወድቃል።

በሰዓት 17 ጊዜ የወደቀ ሕፃን «መራመድ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ አይቀመጥም። ወድቆ መነሣትን ማንም አላስተማረውም፤ አብሮት የተወለደ ነው። እንግዲህ እያንዳንዳችን ዛሬ ቆመን የምንሄደው በዚያ ዘመን ያለ ቁጥር ስለ ወደቅንና ስለ ተነሣን ነው። ታዲያ ያ ጽናት ካደግን በኋላ ወዴት ሄደ? በሥራ ቃለ መጠይቅ አንድ ጊዜ ያልተሳካለት ወጣት ስለምን ሁለተኛ ለመሞከር ይፈራል? የአገሩን ቋንቋ ስትናገር አንድ ጊዜ የተሳቀባት እንግዳ ስለምን ለወራት አፏን ትዘጋለች?

ከመልሱ አንዱ ክፍል «ይሉኝታ» በምንለው ቃል ውስጥ ይገኛል። ሕፃን ሲወድቅ የሚያመው ጉልበቱ ብቻ ነው፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ አይጨነቅም። አዋቂ ሰው ሲወድቅ ግን ከጉልበቱ ይልቅ የተመልካቹ ዓይን ያመዋል። ይሉኝታ ከክፉ ሥራ ሲያግደን መልካም ነው፤ ከመማር ሲያግደን ግን ሸክም ይሆናል። ስለዚህ በራስ መተማመንን ለመገንባት የሚሻ ሰው፣ ሥራው አዲስ ነገር ከመፈለግ ይልቅ ቀድሞ የነበረውን ከተጫነው ሸክም ሥር ማውጣት ነው።

ፍርሃት ጠላት ነውን?

ብዙ ሰው በራሱ የሚተማመን ማለት የማይፈራ ሰው ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። አሜሪካዊው የሥነ አካል ሊቅ ዋልተር ካነን፣ በ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ የእንስሳትን የምግብ መፈጨት ሲያጠኑ፣ እንስሳቱ በተረበሹ ጊዜ የሆዳቸው እንቅስቃሴ ቀጥ እንደሚል አስተዋሉ። ይህን ፍንጭ ተከትለው የደረሱበትን እ.ኤ.አ. በ1915 በመጽሐፍ አሳተሙ። አደጋ ሲመጣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች አድሬናሊን የተባለውን ንጥረ ነገር ወደ ደም ይለቃሉ። ልብ በፍጥነት ይመታል፣ ጉበት የኃይል ምንጭ የሆነውን ስኳር ያወጣል፣ ደም ወደ ጡንቻዎች ይጎርፋል፣ የምግብ መፈጨት ለጊዜው ይቆማል። አካል ለመታገል ወይም ለመሸሽ ራሱን ያዘጋጃል ማለት ነው።

እንግዲህ በአሠሪ ፊት ስንቆም የሚመታው ልባችን፣ የሚደርቀው አፋችንና የሚርደው እጃችን የድክመት ምልክቶች አይደሉም። አካላችን «ይህ ጉዳይ ከባድ ነው፤ ኃይል ያስፈልግሃል» እያለ ስንቅ ማቀበሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 አሊሰን ውድ ብሩክስ የተባሉ ተመራማሪ ባሳተሙት ጥናት፣ በሰው ፊት ከመናገራቸው ወይም ከመዘመራቸው በፊት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት ይልቅ «ጓጉቻለሁ» ብለው ለራሳቸው የነገሩ ሰዎች የተሻለ ውጤት አግኝተዋል። የሚመታን ልብ በግድ ጸጥ ለማሰኘት ከመታገል፣ ጉልበቱን ለሥራው ማዋል ይቀላልና።

ይሁን እንጂ አንድ ነገር መለየት ይገባል። ፍርሃት አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ ማስጠንቀቂያ ነው። ከቤቱ ርቆ የሚሠራ ሰው በደል፣ ዛቻ ወይም አደጋ ሲያጋጥመው የሚሰማውን ሥጋት «ጽናት ይጎድለኛል» ብሎ ማፈን አይገባውም። እንዲህ ያለው ፍርሃት ለሚታመን ሰው መናገርን፣ እርዳታ መጠየቅንና ከአደጋው መራቅን ያዝዛል። ጽናት በደልን ዝም ብሎ መሸከም አይደለም።

በጥቂት በጥቂቱ

አደጋ የሌለበትን ፍርሃት ግን መሸሽ ያሳድገዋል። እ.ኤ.አ. በ1924 ሜሪ ከቨር ጆንስ የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ጥንቸል በጣም ይፈራ ስለነበረ አንድ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃን ጽፈዋል። ሕፃኑ የሚወደውን ምግብ እየበላ ሳለ ጥንቸሉን በሩቅ አሳዩት። ከዚያ ቀን በቀን ጥቂት አቀረቡለት። በመጨረሻ ሕፃኑ ጥንቸሉን በእጁ እየዳሰሰ ይጫወት ጀመር። ማንም በኃይል አላስገደደውም፤ እንዲሸሽም አልተተወም።

ይህ መንገድ ዛሬም ይሠራል። የባዕድ ቋንቋ መናገር የሚፈራ ሰው ዛሬ ለባለ ሱቁ ሰላምታ ብቻ ይስጥ፤ ነገ ዋጋ ይጠይቅ፤ ከነገ ወዲያ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨምር። በየደረጃው የሚገኘው ትንሽ ድል፣ ማንም በቃል ሊሰጠው የማይችለውን ማስረጃ ለራሱ ይሰጠዋል። በራስ መተማመን የሚገነባው እንዲህ ባለ የተግባር ማስረጃ ነው።

ልብ ከልክ በላይ ሲመታ ደግሞ ትንፋሽ አለ። ስንተነፍስ አየር በምናስወጣበት ጊዜ የልብ ምት ዝግ ይላል፤ በምናስገባበት ጊዜ ይፈጥናል። ስለዚህ ትንፋሽን በእርጋታ ስቦ፣ ከሳቡበት ጊዜ ይበልጥ በረዘመ ጊዜ ማስወጣት አካልን ያበርዳል። ከሥራ ቦታ ሳይወጡ፣ ማንም ሳያውቅ የሚደረግ ነው።

ገመዱን የያዘው እጅ

በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖር አንባቢ የዕንቁ ጠላቂዎችን ታሪክ ሳይሰማ አይቀርም። በ1930ዎቹ ዓመታት የጃፓን ሰው ሠራሽ ዕንቁና የዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ሙያውን እስኪያዳክሙት ድረስ፣ የእነዚህ ዳርቻዎች ሰዎች በበጋ ወራት ወደ ባሕር ወጥተው በአንድ ትንፋሽ ወደ ጥልቁ ይወርዱ ነበር። ጠላቂው አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፤ በእግሩ የታሰረ ድንጋይ ወደ ታች ይወስደዋል። ሰው ትንፋሹን ይዞ ፊቱን ውኃ ውስጥ ሲነክር የልብ ምቱ በራሱ ዝግ ይላል፤ ይህም ያለውን አየር ይቆጥብለታል። ጠላቂው በተፈጥሮ የተሰጠውን ስንቅ በልምድ አዳብሮ ይጠቀምበት ነበር።

ነገር ግን ጠላቂው ብቻውን አልነበረም። በመርከቡ ላይ «ሰይብ» የሚባል ባልደረባው ገመዱን ይዞ ይጠብቅ ነበር። ጠላቂው ገመዱን ሲነቀንቅ ሰይቡ በፍጥነት ይጎትተዋል። ወደ ጥልቁ የመውረድ ድፍረት የተመሠረተው ከላይ ገመዱን በያዘው እጅ ላይ ጭምር ነበር።

ይህም ቢሆን ከተፈጥሮ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመ ጥናት፣ የአንድ ዓመት ሕፃናት ገደል በሚመስል መስታወት ጫፍ ላይ ሲደርሱ መጀመሪያ የእናታቸውን ፊት ያዩ ነበር። የእናታቸውን ፈገግታ ካዩት 19 ሕፃናት 14ቱ ተሻገሩ። የእናታቸውን ፊት በፍርሃት ተሞልቶ ካዩት 17 ሕፃናት ግን አንድም የተሻገረ አልነበረም። የሰው ልጅ ድፍረቱን ከሌላው ፊት ይዋሳል።

እኛም ይህን በቋንቋችን ውስጥ ይዘነዋል። የተደናቀፈን ሰው አይተን «እኔን!» እንላለን፤ ጉዳቱ በእኔ ይሁን ማለታችን ነው። ያዘነን «አይዞህ»፣ የተጨነቀችን «ሶብር አድርጊ» እንላለን። በአዲስ አገር ጀርባዋን ለሥራ የሰጠች እኅት በሳምንት አንድ ቀን ከባልንጀሮቿ ጋር ቡና ስትጠጣ የምታሳልፈው ሰዓት ትርፍ ጊዜ አይደለም፤ ገመዱ ነው። ስልክ ደውሎ «እንዴት ከረምሽ?» የሚል ወንድምም ያንኑ ገመድ ይዟል።

ስለዚህ ውድ አንባቢ፣ ዛሬ አንድ ነገር ሞክረህ ካልተሳካልህ፣ በአንድ ወቅት በሰዓት 17 ጊዜ ትወድቅ እንደነበር አስብ። ሌላው ሲወድቅ ካየህ ደግሞ ፊትህን አስተካክል፤ ለመሻገር ወይም ለመቅረት የአንተን ፊት እየተመለከተ ሊሆን ይችላልና።