«ዋናው ነው ወይስ ሁለተኛው?»

ጉለሌ ተወልዶ ያደገ ወንድ ሆኖ፣ አንድ ቀን እንኳን ኳስ ተጫዋች የመሆን ሐሳብ ያልነካካው ካለ እጁን ያውጣ! እኔ በበኩሌ እስካሁን አልገጠመኝም። ከአዲሱ ገበያ እስከ ሽሮ ሜዳ፣ ከጳውሎስ እስከ ቀጨኔ፣ ትንሽ ገላጣ ቦታ ከተገኘች ሁለት ድንጋይ ጎል ይሆናል፤ በጨርቅ የተጠቀጠቀ ካልሲ ኳስ ይሆናል።

ከእነዚህ ሁሉ መሀል ጥቂቶቹ የአሰልጣኝ ዓይን ውስጥ ይገቡና ክለብ ይይዛሉ። የዚያን ቀን ሰፈሩ ሰርግ ነው። እናት እልል ትላለች፤ ጓደኛ «ሲያልፍልህ እንዳትረሳን» ይላል። ወሬው ሳይበርድ ግን አንዲት ጥያቄ ትከተላለች፦ «ዋናው ቡድን ነው ወይስ ሁለተኛው?»

«ሁለተኛው» ብሎ የሚመልስ ልጅ ድምፁ እንዴት ዝቅ እንደሚል ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ምን ያሳፍራል? ወይስ የሚያሳፍር ነገር አለው? ነገሩን ጠጋ ብዬ አይቼዋለሁና ላጫውታችሁ።

ማልያው አንድ፣ ኑሮው ሁለት

ሁለተኛ ቡድን የሚባለውን አንዱ «ቢ ቡድን»፣ ሌላው «ተስፋ ቡድን»፣ ሌላው ደግሞ «ከ20 በታች» ይለዋል። ስሙ ቢለያይም ሥራው አንድ ነው፤ ለዋናው ቡድን ልጅ ማብሰል። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ለክለቦች ፈቃድ ሲሰጥ ከሚያያቸው ነገሮች አንዱ የወጣት ቡድን መኖሩ ነው። የእኛም ፌዴሬሽን ከ20 ዓመት በታች ላሉት ውድድር ሲያካሂድ ቆይቷል። ወረቀት ላይ ሲታይ ያማረ ነው፦ ታች ትማራለህ፣ ትጠነክራለህ፣ ላይ ትወጣለህ።

ሜዳው ላይ ስትደርሱ ግን ሌላ ነው። ማልያው ላይ ያለው አርማ የዋናው ቡድን ራሱ ነው፤ የደጋፊው ጭፈራ ግን የለም። ተመልካቹ ዘመድና የሰፈር ልጅ ነው። ጎል ያገባው ልጅ ማታ ሰፈር ሲደርስ ጎሉን ራሱ ካልተረከው የሚተርክለት አያገኝም። የሚከፈለውም ደሞዝ ከሚባል የኪስ ገንዘብ ቢባል ይሻላል። ታክሲና ምሳ ሲቀነስ የሚተርፈውን ራሳችሁ አስሉት።

የሸማኔው ልጅ

ልጁ 20 ዓመቱ ነው። ስሙንም ክለቡንም አልነግራችሁም። ቤታቸው ሽሮ ሜዳ አካባቢ ነው፤ አባቱ ሸማኔ ናቸው። ልጁ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቶ የእንጦጦን ዳገት ይያያዘዋል። እንጨት ተሸክመው ከሚወርዱት እናቶች ጋር እየተላለፈ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ይሮጣል። ከዚያ የቡድን ልምምድ፤ ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከውድድሩ ጋር ሲጋጭበት ፈተናውን ትቶ ውድድሩን መረጠ። ይሄው ሁለት ዓመት ሆነው።

ግድግዳው ላይ የአቡበከር ናስር ፎቶ ተለጥፏል። በ2013 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ቡና በአንድ የውድድር ዘመን 29 ጎል አግብቶ፣ በ2014 ዓ.ም. ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የሄደው አቡበከር! «እሱ ያን ሁሉ ጎል ሲያገባ 21 ዓመቱ ነበር። እኔ ገና አንድ ዓመት አለኝ» ይለኛል ልጁ። ሒሳቡ ደስ አይልም?

አባትየውን እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ እንደከተቱ አገኘኋቸው። «እኔ ኳስ አልጠላም ልጄ» አሉኝ። «ግን ዓይኔ ደከመ። ማታ ማታ ጥበቡን ማየት አቅቶኛል። እሱ ሮጦ ይመጣና ይተኛል። አንድ ቀን መወርወሪያውን ያዝልኝ ብለው ‹ሰውነቴ ይደክማል› አለኝ። እስቲ አሁን በእጅ ነው እንዴ ኳስ የሚጫወቱት?» ሳቅሁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ልጅቷም አለች። አብረው ከሆኑ ሦስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። ሱቅ ተቀጥራ ትሠራለች፤ የሻይ ሒሳብ ብዙ ጊዜ የምትከፍለው እሷ ናት። «መክፈሉ አይደለም የከበደኝ» አለችኝ። «ሁሉ ነገር ‹ዋናው ስገባ› ነው። ቤት መከራየት፣ ዋናው ስገባ። ሽማግሌ መላክ፣ ዋናው ስገባ። ‹ካልገባህስ?› ስለው ይቆጣል። እኔ እኮ የወደድኩት እሱን ነው እንጂ ቡድኑን አይደለም!»

ውድድሩ አለቀ። ቡድናቸው ዘመኑን በጥሩ ውጤት ጨረሰ። ልጁም ጥሩ ተጫውቷል፤ ያዩት ሁሉ ይመሰክራሉ። ክረምት ሲገባ ወደ ዋናው የሚያድጉት ሲነገሩ ሁለት ስም ተጠራ። የእሱ ስም የለም። ከተጠሩት አንዱ ለሦስት ዓመት አብሮት የተለማመደ፣ ጫማ ሲቀደድ ጫማ የተዋዋሰ የልብ ጓደኛው ነው። «ለሱ ደስ ብሎኛል» አለኝ። ከዚያ ዝም አለ። «ሌሊቱን ግን አልተኛሁም» ብሎ ጨመረና ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ ልተወው ወይስ አንድ ዓመት ልጨምር?»

ዋንጫ በልቶ የማያድግ ቡድን

የእሱን ጥያቄ ከመመለሴ በፊት አንዴ ወደ ጀርመን እንሻገር። ለምን ጀርመን? እዚያ የትልልቅ ክለቦች ሁለተኛ ቡድኖች ከሌሎች ክለቦች ዋና ቡድኖች ጋር ተቀላቅለው በታችኞቹ ሊጎች ይጫወታሉ። ስለዚህ የሁለተኛ ቡድን ነገር ፊት ለፊት ይታያል።

እ.ኤ.አ. በ2020 የባየርን ሙኒክ ሁለተኛ ቡድን የሦስተኛውን ሊግ ዋንጫ በላ። አንደኛ ወጣ! ታዲያ ወደ ሁለተኛው ሊግ አደገ? አላደገም። ሦስተኛው ሊግ እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር አንስቶ ሁለተኛ ቡድኖች ከዚያ በላይ እንዳይወጡ ደንቡ ይከለክላል። ከሥሩ ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡት ቩርዝቡርግና ብራውንሽቫይግ አደጉ፤ ሻምፒዮኑ እዚያው ቀረ። በዓመቱማ ጭራሽ ወደ አራተኛው ወረደ! እ.ኤ.አ. በ2023 የፍራይቡርግ ሁለተኛ ቡድን በዚያው ሊግ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስም የጠበቀው ያው የተዘጋ በር ነው።

«ታዲያ ለምን ይጫወታሉ?» ትሉ ይሆናል። መልሱ እዚያው ቡድን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 ጀማል ሙሲያላ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ለዚያ ሻምፒዮን ሁለተኛ ቡድን ተሰለፈ፤ ወሩ ሳያልቅ ለዋናው ባየርን ገባ። ቡድኑ አላደገም፤ ልጁ አደገ። ቶማስ ሙለርም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2009 መጀመሪያ ላይ ገና የሁለተኛው ቡድን ልጅ ነበር። በ2010 የደቡብ አፍሪካ ዓለም ዋንጫ 5 ጎል አግብቶ የወርቅ ጫማውን ወሰደ።

እንግዲህ ሁለተኛ ቡድን እንደ ታክሲ ፌርማታ ነው። ፌርማታ ላይ መቆም ማንንም አያሳፍርም፤ ሁላችንም እንቆማለን። ታክሲው በዚያ በኩል ማለፍ ማቆሙን እየሰማ እስኪመሽ የሚቆመውን ግን ምን እንበለው?

አናጢው አጥቂ

ሚሮስላቭ ክሎዘን የማያውቅ የኳስ ወዳጅ የለም። በልጅነቱ ከፖላንድ ወደ ጀርመን የመጣ ነው። በትናንሽ ቡድኖች እየተጫወተ አናጢነት ተማረ፤ በሙያውም ሠራ። የካይዘርስላውተርንን ሁለተኛ ቡድን የተቀላቀለው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ21 ዓመቱ ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ «አለቀለት» በሚባልበት ዕድሜ ማለት ነው! በ2000 ለዋናው ቡድን ተሰለፈ። በ2002 ዓለም ዋንጫ 5 ጎል አገባ፤ አምስቱንም በጭንቅላት። በ2014 በአራተኛው ዓለም ዋንጫው ጎሎቹን 16 አድርሶ የብራዚሉን ሮናልዶ 15 አለፈ፤ ዋንጫውንም አነሳ።

መጋዙ ኳሱን አልከለከለውም። እንዲያውም እኔን የሚገባኝ፣ የእጅ ሙያ ያለው ሰው ሳይደናገጥ መጠበቅ ይችላል።

ይህን ለልጁ ስነግረው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አለኝ። ተረቱ እውነት ነው። ግን የወጣህበት ዛፍ ራሱ ቢቆረጥስ? ሌቨርኩሰንና ፍራንክፈርት እ.ኤ.አ. በ2014 ሁለተኛ ቡድኖቻቸውን አፍርሰዋል፤ ፍራንክፈርት መልሶ ያቋቋመው በ2022 ነው። ሩቅ አገር ነው ካላችሁ እዚሁ ንግድ ባንክን ተመልከቱ። በ2009 ዓ.ም. ከፕሪምየር ሊጉ ሲወርድ የወንዶቹ ቡድን ፈረሰ። በኋላ እንደገና ተቋቁሞ በ2016 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አነሳ። ለክለቡ ደስ ይላል። በመካከሉ በነበሩት ዓመታት ግን 20 ዓመቱ የነበረው ልጅ ዕድሜው አልቆመለትም። ክለብ ፈርሶ ይሠራል፤ ዕድሜ ግን አይመለስም።

እንግዲህ ምክሬ

ለልጁ የሰጠሁት መልስ «አንድ ዓመት ጨምር፤ ግን እንዳምናው አይሁን» የሚል ነው። ሁለተኛ ቡድን ውስጥ ላላችሁ ሁሉ ይሁን።

አንደኛ፣ ለራሳችሁ ቀጠሮ ስጡ። «እስኪሳካ» የሚባል ቀጠሮ የለም። አንድ ዘመን ወይም ሁለት ዘመን በሉና ቀኑን ለአንድ ለምታከብሩት ሰው ንገሩ። ሰው ያወቀው ቀጠሮ ዝም ተብሎ አይታለፍም።

ሁለተኛ፣ ቁጠሩ። ባለፉት ሦስት ዓመታት ከእናንተ ቡድን ስንት ልጅ ወደ ዋናው ወጣ? ከወጡትስ ስንቱ ተሰለፈ፣ ስንቱ ወንበር ላይ ቀረ? በእናንተ ቦታ የሚጫወቱ ስንት ናቸው? አንድም ልጅ የማያወጣ ቡድን ዋንጫ ቢበላም ለእናንተ ምንም አይደለም። ክለብ መቀየር እኮ ክህደት አይባልም።

ሦስተኛ፣ አሰልጣኙን ጠይቁ። አብዛኛው ልጅ አሰልጣኙን ይፈራል፤ ከጓደኛው ጋር ሲያማ ይከርማል። በዘመኑ አጋማሽ ላይ ተረጋግታችሁ «ምን ይጎድለኛል?» በሉ። «ጠብቅ» ብቻ ካላችሁ እሱም መልስ ነው። «ግራ እግርህ» ካላችሁ ሥራ ሰጣችሁ ማለት ነው።

አራተኛ፣ የምትፈርሙትን ወረቀት አንብቡ፤ ኮፒውንም ያዙ። የውሉ ጊዜ መቼ ያልቃል? መልቀቂያ ስትጠይቁ ምን ይላል? ሲጎዱ ማን ያሳክማል? ፊርማ ሲባል ፎቶ መነሳት ብቻ የሚመስለው ልጅ ብዙ ነው።

አምስተኛ፣ ማታውን አትስጡ። ቀኑ የኳሱ ይሁን፤ ማታው የእናንተ ነው። ያቋረጣችሁትን ትምህርት ቀጥሉ፤ ካልሆነም ሙያ ያዙ። ለሰፈራችን ልጅ ዊንጌትም እንጦጦም የሙያ ኮሌጆቹ ቅርብ ናቸው። ሄዶ መጠየቅ ገንዘብ አያስከፍልም።

ለቤተሰብም ቃል አለኝ። «ኳስ እንጀራ አይሆንም» እያላችሁ ልጁን ጥግ አታስይዙት፤ ጥግ የያዘ ልጅ ሙያውንም ትምህርቱንም በእልህ ይጥላል። ይልቅ አንድ ቀን ሄዳችሁ ጨዋታውን እዩለት። ሽማኔው አባት እስከዛሬ ልጃቸው ሲጫወት አይተው አያውቁም ነበር።

ለልጅቷም እንዲህ ብያታለሁ፦ «‹ካልገባህስ?› ብለሽ መጠየቅሽ ክፋት የለበትም። ጥያቄውን ስትጨቃጨቁ ሳይሆን ሰላም ስትሆኑ አንሺው። ከኳሱ ውጪ ስላለው ኑሮ አንዲት ነገር እንኳን አብሮሽ የማያቅድ ሰው፣ ዋናው ቡድን ቢገባም አያቅድም።»

ልጁ ምን ወሰነ? አንድ ዓመት ጨምሯል፤ ቀኑንም ለአባቱ ነግሯቸዋል። አሰልጣኙን ጠይቆ «ቶሎ ትቆጣለህ፤ ኳስ ስትነጠቅ ትቆማለህ» ተብሏል፤ ስድብ ሳይመስለው ተቀብሎታል። ለማታ ትምህርት ተመዝግቧል። እሑድ እሑድ ደግሞ አባቱ ጎን ተቀምጦ ድር ያሰናዳል። ዋናው ቡድን ይገባል አይገባም፣ እኔም እሱም አናውቅም። ሰው «ዋናው ነው ወይስ ሁለተኛው?» ሲለው ግን አሁን ድምፁን ሳይቀንስ ይመልሳል።

ተጠባባቂ ወንበር ላይ ላላችሁ ሁሉ፣ ቸር ወሬ ያሰማን!