የገና ሳምንት በሮቤ፦ የማድ ቤቱ ዝግጅትና የመዝገቡ ሒሳብ

በሮቤና በአካባቢዋ የገና በዓል የሚውለው ነጋዴ እፎይ በሚልበት ጊዜ ሳይሆን እጅግ በሚጣደፍበት ሰሞን ነው። ቦና በተባለው የእርሻ ወቅት በሲናና ሜዳና በአጎራባች ወረዳዎች የሚዘራው ስንዴና ገብስ የሚሰበሰበው በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ወራት ስለሆነ፣ የኮምባይነሩ ጩኸት፣ የጭነት መኪናው ተራና የሚዛኑ ወረፋ ከጾመ ነቢያት ፍጻሜ ጋር ይገናኛሉ። ለዳቦ፣ ለፓስታና ለመኮሮኒ የሚሆነው የባሌ ስንዴ ወደ መካከለኛው አገር በሚጓዝበት በዚሁ ሰሞን፣ በየቤቱ ደግሞ ጠላ ይጠመቃል፣ ቅቤ ይነጠራል፣ ለልጆች ልብስ ይገዛል። ስለዚህ አንዱ የነጋዴ ሣጥን በአንድ ጊዜ ለሁለት ጌታ እንዲያገለግል ይጠየቃል።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በሮቤ ከተማ በአንድ የእህልና የሸቀጣ ሸቀጥ ነጋዴ ዘንድ ለብዙ ዓመታት በጸሐፊነት አገልግያለሁ። መዝገቡን የምጽፈው ከሱቁ ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በአንደኛው መስኮት መጋዘኑና ሚዛኑ፣ በሌላው የቤቱ እመቤት ማድ ቤት ይታየኛል። የገናን ሳምንት ከሁለቱም ወገን ስመለከት የተረዳሁትን ነገር ለንግድ ባልደረቦቼ ማካፈል ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ማድ ቤቱ ልናገር። የአሠሪዬ ባለቤት፣ በቤቱ ሠራተኞች ሁሉ ዘንድ «እትዬ» እየተባሉ የሚጠሩት ወይዘሮ፣ የዝግጅቱን ቀን የሚቈጥሩት ከፊት ወደ ኋላ ሳይሆን ከኋላ ወደ ፊት ነው። ይኸውም በበዓሉ ዋዜማ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መቅረት ስለማይፈልጉ፣ ከዚያች ሌሊት ተነሥተው እያንዳንዱ ሥራ የሚያልቅበትን ቀን ወደ ኋላ ይወስናሉ። ጠላው ጊዜ ስለሚፈልግ ይቀድማል። ከጎባና ከዲንሾ ደጋ የሚመጣው ገብስ ታጥቦ ይሰጣል፤ ብቅሉና ጌሾው ይወቀጣል፤ ጥንስሱ ተጥዶ ድፍድፉ እስኪበስል ድረስ የሚያስፈልገው ቀን ይታሰባል። ጠጅ የሚጣል እንደ ሆነ፣ ከሐረና ደን በኩል የሚመጣው ማር ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የሰነቴን አምባ ተሻግሮ ጎባ እስኪደርስ አይጠበቅም፤ አስቀድሞ ይገዛል።

ከዚያ ተራው የቅቤና የበርበሬ ነው። ቅቤው በኮረሪማ፣ በኮሰረትና በበሶብላ ይነጠራል። ለዶሮው ወጥ የሚሆነው ሽንኩርት በብዛት ተልጦና ተከትፎ ቁሌቱ ከዋዜማው በፊት ይሠራል። ጾም በመሆኑ ወጥ ሠሪዋ አትቀምስም፤ ጨውንና ቅመምን የምትለካው በእጅ ልማድና በሽታ ብቻ ነው። የባሌ ስንዴ ዱቄት ለድፎ ዳቦ ተቦክቶ የሚጋገረው በዋዜማው ዕለት ነው። ዶሮው የሚታረደውና በ12 ብልት የሚወጣው በመጨረሻ ሲሆን፣ ቁሌቱ ስለተዘጋጀ የሚቀረው ሥራ ጥቂት ነው። ስለዚህም ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እትዬ ነጠላቸውን ለብሰው፣ በላዩ ጋቢ ደርበው፣ ጧፋቸውን ይዘው ለመሄድ ዝግጁ ናቸው።

በአንጻሩ መጋዘኑ እንዲህ ያለ ሥርዓት አልነበረውም። በ2011 ዓ.ም. የሆነውን ለማስታወስ ያህል፣ በዚያ ዓመት ገና የዋለው ሰኞ ታኅሣሥ 29 ቀን ነበር። ስንዴው በብዛት ገበያ ወጥቶ ስለነበረ፣ አሠሪዬ በእጃቸው ያለውን ጥሬ ገንዘብ ሁሉ ለግዢ አዋሉት። ከአንድ የዱቄት ፋብሪካ የሚጠበቀው ክፍያ ዓርብ ይገባል ተብሎ ነበር፤ ሳይገባ ቀረ። ቅዳሜ ታኅሣሥ 27 ቀን የጫኝና አውራጆቹ የሳምንት ክፍያ የሚሰጥበት ቀን ነበር። ከቀትር በኋላ ባንኩ ሲዘጋ በሣጥኑ ውስጥ የቀረው ገንዘብ ለሁለት ሰዎች እንኳን አይበቃም ነበር። አሠሪዬ ሠራተኞቹን ሰብስበው፣ «የበዓሉ ማግስት ማክሰኞ ጠዋት ሙሉውን ትቀበላላችሁ» አሏቸው። ማንም አላጉረመረመም። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት ሰው ብቻ፣ «እሺ ጋሼ፤ የማክሰኞ ዶሮ ግን ለሰኞ አትደርስም» ብለው ጆንያቸውን አንሥተው ሄዱ።

በበዓሉ ሌሊት እትዬ እኚህን ሰው ከነልጆቻቸው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ አዩአቸው። ነገሩን አስቀድመው አልሰሙም ነበርና፣ ከቅዳሴ በኋላ ከነቤተሰባቸው መጥተው አብረው እንዲፈስኩ ጋበዟቸው። ሰውየው ራሳቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እግዜር ይስጥልኝ እትዬ፤ ነገር ግን ልጆች ገናን የሚፈልጉት በአባታቸው ቤት ነው» ሲሉ መለሱ። ማክሰኞ ጠዋት ገንዘቡ ሳይጐድል ተከፈለ። እኔም በመዝገቡ ላይ «ተከፍሏል» ብዬ ጻፍሁ። መዝገቡን የሚመረምር ሰው የሦስት ቀን መዘግየት ብቻ ያያል፤ ነገር ግን ያ ቤተሰብ ያጣው ሦስት ቀን ሳይሆን አንድ ሙሉ ገና መሆኑን በመዝገብ ላይ የሚያመለክት ዓምድ የለም።

ከዚያ ዓመት ጀምሮ አሠሪዬ የባለቤታቸውን ዘዴ ወደ ንግድ ቤቱ አመጡት። እኛም ከዋዜማው ወደ ኋላ እንቈጥራለን። በዚህም መሠረት ታኅሣሥ 20 ቀን ከግዢው ገንዘብ የደመወዙ ይለያል፤ የቱንም ያህል ርካሽ ስንዴ ቢመጣ አይነካም። ታኅሣሥ 25 ቀን ለጫኝና አውራጆች፣ ለጥበቃዎችና ለሱቁ ሠራተኞች ይከፈላል። በዚህ ቀን የተከፈለ ገንዘብ ሠራተኛው ዶሮውንና ቅቤውን የመጨረሻው ቀን ግፊያ ሳይደርስ እንዲገዛ ጊዜ ይሰጠዋል። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው ነው። ከዚህም በላይ ገንዘቡ በዚያው ሰሞን ወደ ከተማችን ሱቆች ተመልሶ ስለሚገባ፣ የጐረቤት ነጋዴም ይጠቀማል።

ነገሩ የቸርነት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም ማስታወስ ይገባል። ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ የደመወዝ መክፈያው ቀን በእሑድ ወይም በሕዝብ በዓል ላይ የዋለ እንደ ሆነ ክፍያው ከዚያ ቀደም ባለው የሥራ ቀን እንዲፈጸም ያዝዛል። ሕጉም ልክ እንደ እትዬ ወደ ኋላ ቈጥሯል ማለት ነው።

ቀን አቈጣጠርን ካነሣን፣ የሚከተሉትን ሦስት ነገሮች ባልደረቦቼ ልብ ቢሏቸው መልካም ነው።

አንደኛ፣ ገና ሁልጊዜ ታኅሣሥ 29 ቀን አይውልም። በዘመነ ዮሐንስ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር፤ በ2020 ዓ.ም. ደግሞ ይደገማል። ውል ላይ «ከገና በፊት» ብሎ ከመጻፍ ቀኑን በቍጥር መጻፍ ይሻላል። በእኛ አገር ይህ ጥንቃቄ ሌላም ምክንያት አለው። በአፋን ኦሮሞ በድምፅ ከገና ጋር የሚመሳሰል ስም ያለው የእርሻ ወቅት አለ፤ እርሱም ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ሐምሌ የሚዘልቀው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ዘይትና ስኳር በዱቤ ወስደው «ለገና እከፍላለሁ» አሉ። እኔ ታኅሣሥን ስጠብቅ እርሳቸው በቅን ልቡና የዚያን ወቅት አዝመራ ይጠብቁ ነበር። ጥፋቱ የእርሳቸው ሳይሆን ቀን ያልጻፈው የጸሐፊው ነበር።

ሁለተኛ፣ ከውጭ አገር ጋር ለሚጻጻፉ አስመጪዎችና ላኪዎች፦ የምዕራባውያን ገና በአብዛኛው ዓመት በእኛ ታኅሣሥ 16 ቀን፣ አዲስ ዓመታቸው ታኅሣሥ 23 ቀን ይውላል። በዚህ መካከል ብዙ የውጭ አገር መሥሪያ ቤቶች ስለሚዘጉ ወይም ሠራተኛ ስለሚቀንሱ ሰነድም ሆነ መልስ ይዘገያል። እነርሱ ወደ ሥራ ሲመለሱ የእኛ በዓል ይደርሳል። ስለዚህ ከታኅሣሥ 14 ቀን በፊት ያልተጠናቀቀ ጉዳይ እስከ ጥር ሊቈይ እንደሚችል መገመት አስተዋይነት ነው።

ሦስተኛ፣ ለባለሱቆች፦ ኅዳር 15 ቀን ጾሙ ሲገባ የምእመናን ገበያ ወደ ዘይት፣ ወደ ምስርና ወደ ሽሮ ያዘነብላል። በገና ሳምንት ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ይለወጣል። ጌሾና ብቅል ቀድመው ይፈለጋሉ፤ ሽንኩርት፣ በርበሬና የልጆች ልብስ ይከተላሉ፤ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ቡና፣ ዕጣን፣ ጧፍና ሻማ የመጨረሻዎቹ ቀኖች ሸቀጦች ናቸው። ከገና እስከ ጥምቀት ደግሞ ሁለት ሳምንት እንኳን ስለማይሞላ፣ የነጭ ልብስ ገበያ በገና ማግስት አይበርድም።

አሁን ወደ በዓሉ ልመለስ። የዋዜማው ምሽት ሲደርስ የመጋዘኑን ቁልፍ የሚረከቡት የሚዛን ቤቱ ኃላፊ ሐጂ ናቸው። እርሳቸው ሙስሊም በመሆናቸው ሌሊቱን በኃላፊነት ይጠብቃሉ። በዒድ አልፈጥርና በአረፋ ደግሞ ተራው የእኛ ነው። ይህ ልውውጥ በጽሑፍ ውል የተደረገ አይደለም፤ ሆኖም እስከ ዛሬ አንድ ቀን እንኳን አልተጓደለም። በገና ቀን ለሐጂና ለሌሎች ሙስሊም ጐረቤቶች የሚሆን በግ ተለይቶ ይገዛል፤ የሚያርዱትም እነርሱው ራሳቸው ናቸው፤ ድስቱም ለብቻ ይጣዳል።

የታኅሣሥ ሌሊት በባሌ ደጋ እጅግ ይበርዳል፤ ንጋት ላይ በሣሩ ላይ ውርጭ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር በሰው ይሞላል። ካህናቱና መዘምራኑ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ማኅሌቱን ይቆማሉ፤ ከዚያም ቅዳሴው ይቀጥላል። የቅዱስ ላሊበላ የልደት መታሰቢያም በዚሁ ዕለት ስለሆነ፣ በላስታ ካህናቱ በቤተ ማርያም ዙሪያ ከላይና ከታች ተሰልፈው ቤዛ ኵሉን ሲዘምሩ ከየአገሩ የመጣ ምእመን ይሰማል። የሮቤ ምእመን ያን ያህል ሩቅ መንገድ ባይሄድም፣ በአጥቢያው ጧፉን አብርቶ ሲቆም የሚሰማው ደስታ ያው ነው። ሒሳቡን የጨረሰ ሰው በዚያች ሌሊት የሚቆመው ቆሞ ብቻ ሳይሆን ልቡም እዚያው ሆኖ መሆኑን ከራሴ አውቃለሁ። ዕዳ ያለበት ግን በቅዳሴ መካከል እንኳን ቍጥር ይደምራል።

በማግስቱ ጠዋት ቅርጫ አለ። የሰፈሩ ሰዎች ገንዘብ አዋጥተው የገዙት በሬ ታርዶ በእኩል መደብ ይከፈላል፤ ዕጣም ይወጣል። የስም ዝርዝሩን የምይዘው እኔ ነኝ። በዚያ ዝርዝር ላይ የአሠሪዬ ስምና የጫኝና አውራጆቹ ስም በአንድ ዓምድ ይጻፋል፤ ዕጣውም ባለጸጋውን ከድኻው አይለይም። ከቀትር በኋላ በሜዳው ላይ የገና ጨዋታ ሲጀመር፣ ጥንግዋን ተከትሎ የሚሮጠው ሠራተኛ ጌታውን ቢገፋ ጌታው አይቈጣም፤ ልማዱ ይህ ነውና።

ባለፉት ዓመታት በቅርጫው ዝርዝር ላይ እኚያ ሽማግሌ ጫኝ ስማቸውን ያስመዘገቡት ታኅሣሥ 25 ቀን፣ ገንዘባቸውን በተቀበሉበት ሰዓት ነው። መደባቸውንም በራሳቸው ገንዘብ ከፍለው፣ ሥጋውን በሰፌድ አድርገው፣ ልጆቻቸውን አስከትለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እትዬም ከበራቸው ላይ ሆነው «እንኳን አደረሳችሁ» ይሏቸዋል። እርሳቸውም፣ «እንኳን አብሮ አደረሰን፤ ዛሬ ደግሞ እርስዎ ቡና ይጠጡልን» ብለው ይጋብዛሉ። እትዬም ይሄዳሉ።

ስለዚህ ክቡራን ባልደረቦቼ የዘንድሮውን የገና ሒሳባቸውን ከዋዜማው ወደ ኋላ ቈጥረው እንዲጀምሩ በአክብሮት አሳስባለሁ። ለሁሉም መልካም በዓልና የተቃና ገበያ እመኛለሁ።