ስለ ተራ ቁጥር አሰጣጥ በየክፍሉ

ሞጆ ላይ መንገዱ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ በሚለያይበት ስፍራ ቆሞ የመኪና ሰሌዳ የሚያነብ ሰው፥ አንድ ቁጥር በሁለት መኪና ላይ ቢያይ ሊደነቅ አይገባውም። ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት በቆየው ሥርዓት ኮድ 1 ለታክሲ፥ 2 ለግል፥ 3 ለንግድ፥ 4 ለመንግሥት ተሰጥቶ ነበር፤ «አአ»፥ «ኦሮ»፥ «ኢት» የሚሉት ፊደሎችም ተጨምረውበት እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ተራ ቁጥር ይቈጥራል። እንግዲህ ቁጥሩ ሙሉ የሚሆነው ከኮዱና ከፊደሉ ጋራ ሲነበብ ነው። (በአዲስ አበባ ለኮድ 2 አምስቱ አኃዝ አልበቃ ብሎ ሌላ ፊደል ተጨምሮበታል።) በሞጆ ደረቅ ወደብ የሚራገፈው ኮንቴይነርም እንዲሁ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደሎች ባለቤቱን ያመለክታሉ፥ ስድስቱን አኃዝ ደግሞ ባለቤቱ ለራሱ ይቈጥራል።

ይህን ሥራ ለኮምፒዩተር ብንሰጠው እንዴት ይፈጽመዋል? እኛም ጭምር በመጀመሪያ ያሰብነው ዘዴ፥ በክፍሉ ከተመዘገቡት ቁጥሮች ትልቁን ፈልጎ አንድ መጨመር ነው። ጸሓፊው አንድ ብቻ ከሆነ ይሠራል። ነገር ግን ሁለት ጸሓፊዎች በሁለት መስኮት በአንድ ቅጽበት ቢጠይቁ፥ ሁለቱም 417ን ያዩና ሁለቱም 418ን ይሰጣሉ። በአንድ ቁጥር ሁለት የዕቃ ማውጫ ወረቀት ወጣ ማለት ነው፤ ዘግይቶ የመጣው ባለዕቃ ወረቀቱን እንደ ያዘ ዕቃውን ያጣል። ሌላም ጉድለት አለ፤ የመጨረሻው መዝገብ ቢሰረዝ ቁጥሩ ለሌላ ሰው ይሰጣል፥ የቀድሞው ወረቀት ግን በሰው ኪስ ውስጥ አለ።

ስለዚህ ቁጥሩ ከመዝገቦቹ መፈለግ የለበትም። ለየክፍሉ በመጨረሻ የተሰጠውን ቁጥር ብቻ የሚይዝ አነስተኛ ሰንጠረዥ ይዘጋጃል። ቁጥር ሲፈለግ የዚያ ክፍል ረድፍ ይቈለፋል፥ አንድ ይጨመርበታል፥ መዝገቡ ይጻፋል፥ ከዚያ በኋላ ይከፈታል። ሁለተኛው ጸሓፊ ለቅጽበት ይጠብቃል፤ የሌላ ክፍል ጸሓፊ ግን አይጠብቅም። በመካከል መብራት ቢጠፋ ጭማሪውና መዝገቡ አብረው ይሻራሉ።

ብዙዎቹ ዳታቤዞች ራሳቸው ቁጥር የሚያወጡበት መሣሪያ አላቸው፥ ፈጣንም ነው። ነገር ግን ሥራው ቢሻርም የወጣው ቁጥር ስለማይመለስ በመካከል ክፍተት ይቀራል፤ ሒሳብ መርማሪ ለሚያየው ደረሰኝ ይህ አይሆንም።

ከዚህ ሁሉ ጋራ ክፍሉና ቁጥሩ በአንድነት እንዳይደገሙ የሚከለክል ደንብ በዳታቤዙ ውስጥ መጻፍ አለበት። ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ቢሳሳት እንኳ ሁለተኛው 418 ከመመዝገቡ በፊት ይመለሳል፥ ወረቀቱም አይታተምም።